56 ዓመት የጠበቀ መዝገብ እና የአንድ ዓመት ዕቅድ

ሐምሌ 1 በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች አዲስ ዓመት ነው። አደይ አበባ የለው፣ ችቦ የለው፤ ግን የበጀት ዓመቱ የሚከፈተው በዚህ ቀን ነውና የዓመቱ ዕቅድ ታትሞና ተጠርዞ በኃላፊው ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጠው ክረምቱ ሲገባ ነው። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ደግሞ ‹‹ዲጂታል›› የሚል ቃል የሌለበት ዕቅድ መፈለግ ጭቃ የሌለበት ሐምሌ እንደመፈለግ ሆኗል። ‹‹ይህን ያህል አገልግሎት ዲጂታላይዝ ማድረግ›› ይላል መስመሩ፤ አጠገቡ ቁጥር አለ፤ በሰኔ መጨረሻ ደግሞ ከቁጥሩ ጎን መቶኛ ይጻፍበታል። ባለጉዳዩ ግን ድሮ ‹‹ኃላፊው የሉም፣ ነገ ተመለስ›› ይባል የነበረው ዛሬ ‹‹ሲስተም የለም፣ ነገ ተመለስ›› እየተባለ ይመለሳል።

ለአንድ ዓመት ዕቅድ ስልሳ ምናምን ዓመት ወደ ኋላ መሄድ ምን ያደርጋል የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። እኛ የምንለው ይህ ነው፦ የሀገራችን የመንግሥት አገልግሎት ባለጉዳይን የሚያመላልሰው ማሽን በማጣቱ ብቻ አይደለም፤ ማሽኑ የሚያነበው የታመነ መዝገብ ስላልነበረው ነው። ያ መዝገብ ደግሞ ሳይታሰብ የቀረ አይደለም። ታስቦ፣ ተጽፎ፣ በአዋጅ ወጥቶ ነው የቀረው።

አንቀጽ 3361

የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ሚያዝያ 27 ቀን 1952 ዓ.ም. ታውጆ መስከረም 1 ቀን 1953 ዓ.ም. ሥራ ላይ ዋለ። ረቂቁን ያዘጋጁት ፈረንሳዊው የሕግ ሊቅ ሬኔ ዳቪድ ናቸው። ከ3,300 በላይ አንቀጾች ካሉት ከዚህ ትልቅ ሕግ መካከል ብዙ ገጽ የያዘው ስለ ‹‹ክብር መዝገብ›› የሚናገረው ክፍል ነው። የተወለደ የሚመዘገብበት፣ ያገባ የሚመዘገብበት፣ የሞተ የሚመዘገብበት መዝገብ ማለት ነው። ማን ይይዘዋል፣ ማን ያስመዘግባል፣ ስህተት ሲገኝ እንዴት ይታረማል የሚለው ሁሉ ተጽፏል። ለሹሙም ስም ወጥቶለታል፤ ‹‹የክብር መዝገብ ሹም›› ይባላል። ይህን ስያሜ ዛሬም በቤተሰብ ሕጋችን ውስጥ ታገኙታላችሁ።

ይህን ሁሉ አንብቦ መጨረሻው ላይ የደረሰ ሰው ግን አንቀጽ 3361ን ያገኛል። ስለ ክብር መዝገብ የተጻፈው ሥራ ላይ የሚውለው በነጋሪት ጋዜጣ በሚወጣ ትእዛዝ ከሚነገረው ቀን ጀምሮ ነው ይላል፤ እስከዚያው በምስክር ተረዳዱ እንደማለት ነው። (የማይንቀሳቀስ ንብረት መዝገብም ከዚያው አካባቢ ተመሳሳይ ዕጣ ገጥሞታል፤ እሱ ራሱን የቻለ ሌላ ጉድ ስለሆነ ለዛሬ እንለፈው።)

ትእዛዙ አልወጣም። ንጉሠ ነገሥቱ እስከ መስከረም 1967 ዓ.ም. በዙፋን ላይ ቆዩ፣ አልወጣም። ደርግ አሥራ ሰባት ዓመት ገዛ፣ አልወጣም። ኢሕአዴግ ገብቶ ሕገ መንግሥት ጸደቀ፣ የቤተሰብ ሕጉ ተሻሻለ፣ አሁንም አልወጣም። የወሳኝ ኩነቶች ምዝገባና የብሔራዊ መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 760 የወጣው በ2004 ዓ.ም. ነው፤ ምዝገባው በሀገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው ደግሞ ሐምሌ 30 ቀን 2008 ዓ.ም.። ከ1952 እስከ 2008 ስትቆጥሩት 56 ዓመት ይመጣል። ሦስት መንግሥት ያለፈበት ዕድሜ ነው።

ልብ በሉ፤ ይህ ሕግ ኮምፒውተር አልጠየቀም። ሳተላይትም አልጠየቀም። የጠየቀው ወፍራም ደብተር፣ ቀለም፣ የሚቆለፍ ቁም ሣጥንና ደመወዝ የሚከፈለው አንድ ጸሐፊ ነው። ያልነበረው ነገር ቀን ነው። ሥራው ይጀመርበታል የተባለ ቀን ስላልነበረ፣ በየዓመቱ አልተጀመረም ብሎ የሚጠየቅ ሰውም አልነበረም።

የዚህ ዕዳ የወደቀው በማን ላይ ነው? ለአቅመ ትምህርት የደረሰ ልጁን ሊያስመዘግብ የሄደ አባት የልደት ማስረጃ ሲጠየቅ ምስክር ይዞ ማዘጋጃ ቤት ይሄድ ነበር። ምስክሮቹ ልጁ ሲወለድ የነበሩ ላይሆኑ ይችላሉ፤ የሚያስፈልገው መታወቂያቸው ነው። ወደ ዓረብ ሀገር ለሥራ የሚሄዱ ልጃገረዶች ዕድሜያቸው በቀበሌ ወረቀት ላይ ከፍ ብሎ ሲጻፍ የኖረው ‹‹ውሸት ነው›› ብሎ የሚከራከር የልደት መዝገብ ስላልነበረ ነው። በፍርድ ቤትም ያው ነው። በወንጀል ሕጋችን አሥራ አምስት ዓመት ያልሞላው ልጅና የሞላው ልጅ የሚዳኙበት መንገድ የተለያየ ነው። መዝገብ በሌለበት ግን ዳኛው ልጁን ወደ ሐኪም ይልከዋል፤ ሐኪሙ በራጅ አጥንቱን አይቶ ግምቱን ይጽፋል። የአንድ ልጅ ዕጣ ‹‹ከዚህ እስከዚህ ዓመት ይሆነዋል›› በሚል ግምት ላይ ተንጠልጥሎ ይቆያል ማለት ነው።

ክፍተቱን የሞላው ቀበሌ ነው። ቀበሌ የተወለደው ግን ለሌላ ሥራ ነበር። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ሲያደርግ የከተማ ነዋሪዎች ማኅበራትን አቋቋመ፤ ቀበሌ የምንለው ከዚያ መጣ። የቀበሌ መታወቂያም ከቤት ቁጥር ጋር የተሰፋ ሆኖ ቀረ። ማን ነህ ለሚለው ጥያቄ መልሱ የት ትኖራለህ ሆነ። ቤት የቀየረ ሰው መሸኛ ካላመጣ በአዲሱ ቀበሌ ሰው አይደለም፤ የቤት ኪራይ እያሳደደው በየዓመቱ ከሰፈር ሰፈር የሚዞር ሰው ደግሞ ግማሽ ዕድሜው በመሸኛ ያልቃል።

የዲሹ ዘመን

በ1990ዎቹ መጨረሻ ዘመናዊነት ከሰማይ መጣ። ወረዳኔት የሚባለው ፕሮጀክት ከ500 በላይ ወረዳዎችን በሳተላይት አገናኘ፤ ስኩልኔት በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ የፕላዝማ ቴሌቪዥን ሰቀለ። በዚያ ጊዜ መብራት ገና ባልደረሰባቸው ከተሞች ጭምር ዲሽ የተተከለበት የወረዳ ጽሕፈት ቤት ማየት ብርቅ አልነበረም። ከአዲስ አበባ ሚኒስትሩ ይናገራሉ፣ የወረዳ ሹማምንት በአዳራሽ ተሰብስበው ያዳምጣሉ፤ ሥልጠና ይሰጣል፣ አቅጣጫ ይወርዳል።

‹‹ይወርዳል›› የምንለው በከንቱ አይደለም። መረቡ የተሠራው ከላይ ወደ ታች ለመናገር ነበር፤ በዚያው ወረዳ መዝገብ ቤት ግን ፋይል በአቧራና በክር ነው የሚታወቀው። ስብሰባው በሳተላይት ሆነ፣ የባለጉዳዩ ጉዳይ በእግር ቀረ። ደግነቱ አንድ የሚመሰገን ነገር ነበረ፤ ሕዝቡ ‹‹የፕላዝማ ችሎት›› ያለው። የፌዴራል ሰበር ሰሚ ችሎት ከክልል የመጡ ጉዳዮችን በቪዲዮ መስማት ሲጀምር ከጎንደር ወይም ከጂማ አዲስ አበባ ድረስ ለቀጠሮ የሚመጣ ሰው የትራንስፖርቱና የአልጋው ወጪ ቀረለት። ያው ሽቦ፣ ያው ስክሪን ነው። ልዩነቱ ፍርድ ቤቱ ሲያቅድ የቆጠረው ነገር ላይ ነው፤ የሰው ምልልስን ነበር የቆጠረው።

በዚያው ሰሞን ቢፒአር መጣ። ስሙን ስንጠራው የሚስቅ አንባቢ እንደሚኖር እናውቃለን። ‹‹መሠረታዊ የአሠራር ሂደት ለውጥ›› እየተባለ ሠራተኛው ሁሉ ለወራት በስብሰባ ከርሟል፤ ጠረጴዛና ግድግዳ ፈርሷል፤ ከቦታው የተነሣውም ብዙ ነው። ሆኖም ቢፒአር ከእሱ በፊትም በኋላም የመጡት ያልጠየቁትን ጥያቄ ጠይቆ ነበር። ይህ ፊርማ ለምን አስፈለገ? ይህ ወረቀት ከዚህ ክፍል ወደዚያ ክፍል ለምን ይሄዳል? በአንዳንድ ቦታዎች፣ በተለይ በንግድ ፈቃድ፣ ባለጉዳዩ በአንድ መስኮት ጨርሶ መውጣት የጀመረው በዚያን ጊዜ ነው። ያሳዝናል፣ ጥያቄው ሳይጨርስ ሌላ ስም መጣ። ቢኤስሲ፣ ካይዘን፣ የለውጥ ሠራዊት እያለ ቀጠለ፤ እያንዳንዱ ከበፊቱ ፋይል ላይ የራሱን ፋይል ጨመረ።

በ2003 ዓ.ም. የመገናኛና ኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ ሚኒስቴር ተቋቁሞ የአምስት ዓመት የኤሌክትሮኒክ መንግሥት ስትራቴጂ ወጣ። ከ200 በላይ አገልግሎቶች ወደ ኢንተርኔት ይገባሉ ተባለ። ከእነዚህ ውስጥ ከፊሎቹ መረጃ የሚያሳዩ ብቻ ነበሩ፤ ‹‹ለዚህ ጉዳይ ሲመጡ እነዚህን ወረቀቶች ይዘው ይምጡ›› የሚል ገጽም አገልግሎት ተብሎ ይቆጠራል። ያው ባለጉዳዩ ከመሄዱ በፊት ምን እንደሚጎድለው ያውቃል፤ መሄዱ ግን አልቀረም።

በነገራችን ላይ አዋጅ 760 የወጣው ስትራቴጂው ገና በሁለተኛ ዓመቱ ሳለ ነው፤ ምዝገባው በሀገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው ደግሞ አምስት ዓመቱ ካለቀ በኋላ። ጣሪያው ከመሠረቱ ቀድሞ ታቀደ ማለት ነው። ወሬው የመሠረት ብቻ አይደለም፤ የሕዝብ ቆጠራም ከ1999 ዓ.ም. ወዲህ አልተካሄደም። አራተኛው ቆጠራ በተደጋጋሚ ሲራዘም ኖሮ ስንት ነን የሚለው በግምት ላይ ቀርቷል።

ፀሐይ፣ ፀሃይ፣ ጸሐይ

አሁን ወዳለንበት እንምጣ። በሰኔ 2012 ዓ.ም. የሚኒስትሮች ምክር ቤት ዲጂታል ኢትዮጵያ 2025 የተባለውን ስትራቴጂ አጸደቀ። የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205 በዚያው ዓመት መጣ፤ በ2015 ዓ.ም. የዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284፣ በ2016 ዓ.ም. የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ተከተሉ። ፋይዳ 12 አሃዝ ያለው ቁጥር ይሰጣል፤ የተሠራው ሞሲፕ በተባለ፣ በህንድ ባንጋሎር በተሰናዳ ክፍት ሶፍትዌር ላይ ነው። በሚያዝያ 2017 ዓ.ም. ደግሞ መሶብ የሚባለው የአንድ ማዕከል አገልግሎት አዲስ አበባ ላይ ተከፈተ፤ የተለያዩ መሥሪያ ቤቶችን በአንድ ጣሪያ ሥር አሰባስቧል። ከዚህ በፊት ከመጡት ሁሉ ይኼኛው ወደ ባለጉዳዩ የቀረበ ነው ብንል ማጋነን አይሆንብንም።

ግን ፋይዳ የሚያረጋግጠው ምንድን ነው? ይህ ጣት፣ ይህ ዓይን የዚህ ቁጥር ባለቤት መሆኑን ነው። ሰውዬው መቼ እንደተወለደና አባቱ ማን እንደሆነ የሚናገረው ግን ይዞት የመጣው ወረቀት ወይም ምስክር ነው፤ ወረቀቱ ደግሞ ከቀበሌ ነው፤ ቀበሌም ያገኘው ከሰውዬው አፍ ነው። ስለዚህ ድሮ ያለ መዝገብ በግምት የተጻፈ ዕድሜ ዛሬ በአሥር ጣት ታስሮ ይቀመጣል። ድሮ በእስክሪብቶ ይታረም የነበረ ስህተት አሁን ለመታረም የፍርድ ቤት ትእዛዝ ሊፈልግ ይችላል።

የስሙን ነገር ደግሞ እንዴት እንለፈው! በአማርኛ ፀሐይ፣ ፀሃይ፣ ጸሐይ፣ ጸሃይ ብሎ የጻፈ ሁሉ አንዲቱን ሴት ነው የጻፈው። ለሰው ዓይን አንድ ናቸው፤ ለኮምፒውተር አራት ሴቶች ናቸው። ኃይሉም እንዲሁ፣ ዓለሙም እንዲሁ። በላቲን ፊደል ሲጻፍማ ብሶ ያርፋል፤ የትምህርት ማስረጃው ላይ አንድ ዓይነት፣ ፓስፖርቱ ላይ ሌላ፣ የባንክ ደብተሩ ላይ ሦስተኛ። ከዚያ ‹‹ሁለቱም ስሞች የእኔ ናቸው›› የሚል ማስረጃ ለማምጣት ሌላ ሳምንት ይሄዳል። ሪያድ ወይም ቤይሩት ሆኖ ፓስፖርት የሚያሳድስ ሰው ይህች አንዲት ፊደል ምን ያህል እንደምታስከፍል ያውቃል፤ ውክልና ልኮ፣ ዘመድ አስቸግሮ፣ ሀገር ቤት ያለ ፋይል አስፈልጎ ነው የሚያስተካክላት።

ከዚህ በፊት በኮምፒውተር የተጻፈውም ቢሆን ቀላል አይደለም። የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊትና ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመታት መሥሪያ ቤቶቻችን በፓወር ግዕዝ፣ በቪዥዋል ግዕዝና በመሳሰሉት ሲጽፉ ኖረዋል። አንዱ የጻፈው በሌላው ሲከፈት የመላእክት ቋንቋ የሚመስል ነገር ይወጣ እንደነበር የጸሐፊነት ሥራ የሠራ ሁሉ ያስታውሳል። እነዚያ ፋይሎች ዛሬም በየቢሮው ዲስክ ላይ አሉ። የዘመን አቆጣጠሩን ጨምሩበት፤ ከውጭ የሚመጣ ሶፍትዌር አሥራ ሦስተኛ ወር አያውቅም፤ ጳጉሜን 3 የተወለደ ልጅ ቅጹ ላይ ቦታ የለውም። ቀን ሲገለበጥ አንድ ቀን ወይም አንድ ዓመት ይንሸራተታል፤ የተንሸራተተችው ዓመት በጡረታ ጊዜ ትመጣለች።

ሌሎች እንዴት አደረጉት?

ኢስቶኒያ ስትጠቀስ ‹‹ትንሽ ሀገር ናት›› የሚል መልስ ይሰጣል፤ እውነት ነው፣ ትንሽ ናት። ከእርሷ የምንወስደው ግን መጠን አይጠይቅም። እ.ኤ.አ. በ2001 ኤክስ-ሮድ የተባለውን ሥርዓት ሲጀምሩ አንድ ትልቅ ማዕከላዊ ቋት አልሠሩም፤ የየመሥሪያ ቤቱ መዝገብ ባለበት ሆኖ አንዱ ሌላውን የሚጠይቅበትን መንገድ ነው የሠሩት። መታወቂያ ካርዱ በዓመቱ መጣ። ሕጋቸውም አንድ ዓይነት መረጃ ለመሰብሰብ ሁለት መዝገብ ማቋቋምን ይከለክላል። ይህን ወደ እኛ ቢሮ ስታመጡት ትርጉሙ ከባድ ነው፤ የልደት ማስረጃ ሰጪው መሥሪያ ቤት ካለው፣ ሌላው መሥሪያ ቤት ‹‹ኮፒውን አምጣ›› ማለት አይችልም።

እንግሊዞች ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2013 መጀመሪያ 25 አገልግሎቶችን መርጠው 400 የሥራ ቀን ቆረጡ። ቀኑ ሲደርስ ሁሉም አልተጠናቀቁም። ግን የትኞቹ እንደቀሩ በስም ይታወቅ ነበር፤ ዝርዝሩ አጭር፣ ቀኑም የተጻፈ ነበርና። የእኛ ከ200 በላይ ነበር፤ ማን ቆጥሮ ማን ይጠይቃል?

እንግዲህ አንድ ዓመት ብንሰጥስ

ሐምሌ 1 ተጀምሮ ሰኔ 30 የሚያልቅ አንድ ዓመት ቢሰጠን፣ እኛ ሁለት መቶ አገልግሎት አንነካም። አንዲት ወረቀት እንመርጣለን፤ የልደት ማስረጃን። ሥራውም እንዲህ ነው የሚታየን።

ክረምቱ ለመጠየቅ ይዋል። የትኛው መሥሪያ ቤት፣ ለየትኛው ጉዳይ፣ የልደት ማስረጃ ይጠይቃል? ከሚጠይቁት ውስጥ በሕግ የተጻፈለትስ ስንቱ ነው? ‹‹ሁልጊዜ እንዲህ ነው›› ከማለት በቀር መልስ የሌለው ጥያቄ በመስከረም ይሰረዝ። ለዚህ ኮምፒውተር አያስፈልግም፤ የሚያስፈልገው ደብዳቤ ለመጻፍ የሚደፍር ኃላፊ ነው። እዚህ ላይ ቢፒአር ያቋረጠውን ይቀጥላል።

ከጥቅምት በኋላ ያለው ጊዜ ለመዝገቡ ነው። ከ2008 ዓ.ም. ወዲህ በየቀበሌው በእጅ የተጻፉት መዝገቦች አሉ። እነሱን ማን ያስገባል? የአንድ ሰው ስም በስንት ፊደል ሊጻፍ እንደሚችል የሚያውቅ ፍለጋ ማን ይሠራል? ይህ አሰልቺ ሥራ ነው፤ ሪባን አይቆረጥለትም፤ ካሜራም አይመጣለትም። በቅርብ ዓመታት የዩኒቨርሲቲ ዲግሪ ይዘው ሥራ ለሚፈልጉ ጓደኞቻችን ግን ደመወዝ ያለው ሥራ ነው። ስህተት ሲገኝ ደግሞ የጽሕፈት ስህተት የሆነው እዚያው በመስኮቱ የሚታረምበት፣ የማንነት ክርክር ያለበት ብቻ ወደ ፍርድ ቤት የሚሄድበት መመሪያ ያስፈልጋል። በዚህ አንድ መመሪያ የሚቀንሰው ሰልፍ በአሥር መተግበሪያ አይቀንስም።

መብራቱና ኔትወርኩ ሲጠፋስ? ይህ ጥያቄ ከዕቅዱ ውጭ መሆን የለበትም። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ሲጀመር በትግራይ ስልክም ኢንተርኔትም ተቋርጦ ለረዥም ጊዜ ቆየ፤ በሐምሌ 2015 ዓ.ም. ደግሞ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተዘጋ። በጦርነቱ የተዘረፉና የተቃጠሉ የመንግሥት ቢሮዎችም ከነመዝገቦቻቸው ነው የጠፉት። ወረቀት ብቻ ያለው መዝገብ ይቃጠላል፤ ኢንተርኔት ብቻ ያለው አገልግሎት ደግሞ በአንድ ትእዛዝ ይዘጋል። ስለዚህ ወረዳው ያለ ኔትወርክ መዝግቦ ሲመለስ የሚልክበት መንገድ፣ ሰውየውም በእጁ የሚይዘው ማኅተም ያለበት ወረቀት ከመጀመሪያው ቀን ይታሰብ። መዝገቡን ማን እንዳየው የሚመዘግብ ሌላ መዝገብም አብሮ ይኑር፤ አዋጅ 1321 ያለው ለዚህ ነው። ሁሉን በአንድ ቁጥር ያሰረ መንግሥት ሁሉን በአንድ ቁጥር ማየትም ይችላልና፣ ዜጋው ‹‹ፋይሌን ማን ከፈተው?›› ብሎ ቢጠይቅ መልስ የሚያገኝበት መስኮት ያስፈልገዋል።

በሰኔ የሚቀርበው ሪፖርት ላይ ስንት ኮምፒውተር ተገዛ፣ ስንት ሠራተኛ ሠለጠነ የሚለው ይቅር። በሐምሌ የልደት ማስረጃ ለማግኘት የመጡ ሰዎች ስንት ጊዜ እንደተመላለሱ በሩ ላይ ይጠየቁ፣ ይጻፍ፤ በሰኔም እንደገና ይጠየቁ፣ ይጻፍ። ጥያቄው ከአዲስ አበባ ብቻ ሳይሆን የመዝገብ ጸሐፊው በአንድ ክፍል ከገንዘብ ያዡ ጋር ተደርቦ ከሚሠራበት የገጠር ቀበሌም ይምጣ። የዚህ ጸሐፊ ደመወዝ በየትኛው የበጀት መስመር ላይ እንደሚቀመጥና ክልሉ ይክፈለው ወይስ ወረዳው የሚለው ደግሞ ሐምሌ 1 ከመድረሱ በፊት መቆረጥ አለበት፤ በ1952 ዓ.ም. ‹‹በሚነገረው ቀን›› ተብሎ የታለፈው ይኼው ነበርና።